በርሜል ውስጥ የመጣው ሞተር

ማሙሸት ከላንጋኖ ሲደውል ጠሂራ ጀማለዲን ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ የአንድ ውሃ ፓምፕ ክዳን እየፈታች ነበር። ድምፁ መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው ድምፅ ነበር።

«ጠሂ፣ ሰመጠች።»

«ማን ናት የሰመጠችው?»

«ጄት ስኪዋ ናታ! ሌሊት ያ ዝናብና ንፋስ ከታሰረችበት ገልብጧት አደረ። ጠዋት ስመጣ ሆዷ ብቻ ውሃው ላይ ይታያል።»

ማሙሸት የሐይቅ ዳር ሰው ነው። አንድ መዝናኛ ቦታ ጀልባ ይነዳል። ይህችን እንደ ሞተር ብስክሌት ተቀምጠው ውሃ ላይ የሚጋልቧትን አሮጌ ማሽን ደግሞ ከልጆቹ ለይቶ አያያትም። እንግዳ ያዝናናባታል፤ በበዓል ቀን ሞቅ ብሎት ራቅ ብሎ የዋኘ ሰው ሲኖርም ደርሶ የሚጎትትባት እሷው ናት። መለዋወጫዋ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ሞተሯ በታመመ ቁጥር መርካቶ ይዞት ይመጣል፤ ድሮ ወደ ጠሂራ አባት፣ አሁን ወደ ጠሂራ።

«አሁን የት ናት?»

«ዳር ድረስ ጎትተናታል። ልጆቹን ሰብስቤ አሁን ሞተሩን ፀሐይ ላይ ላሰጣው ነው።»

«እንዳታሰጣው!» መፍቻው ከእጇ ወደቀ። «ስማኝ ማሙሽ። ሞተሩን ፍታና ወዲያው በርሜል ውስጥ ክተተው። ከዚያ በርሜሉን በሐይቁ ውሃ ሙላው። አናቱ ድረስ ይዋጥ። ከነውሃው ጫንና አምጣልኝ።»

«የሰመጠውን መልሼ ላስምጠው?»

«አስምጠው።»

«እህቴ፣ አማኑኤል ሆስፒታል እናንተው ሰፈር አጠገብ ነው አይደል? እንዲያው በዚያ ስታልፊ ጎራ ብትዪ...»

«አንተ መጀመሪያ አምጣው፣ ከዚያ አብረን እንሄዳለን» አለችው።

ይህን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ጀማለዲን የወሎ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና አሰብ ወርደው፣ ወደቡ ዳር የዓሣ አጥማጆችን የጀልባ ሞተር እየፈቱና እየገጠሙ ጎልምሰዋል። በሰማንያ ሦስት ሁሉ ነገር ሲተራመስ ሚስታቸውንና ጨቅላዋን ጠሂራን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። አልጋው ቀረ፣ ሳጥኑ ቀረ፣ ቤቱ ቀረ። የመጣው በሸራ የተጠቀለለ መፍቻ ብቻ ነው። ከምናለሽ ተራ ጀርባ በቆርቆሮ የተከፈለች አንዲት ክፍል ተከራይተው ያን ሸራ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ስለ ባሕሩ የሚያወሩትም ሸራውን ሲዘረጉ ብቻ ነበር።

«አንቺም እኮ አይተሽዋል» ይሏት ነበር።

ጠሂራ ባሕሩን አታስታውሰውም። የምታስታውሰው ሸራውን ነው፤ ሲዘረጋ የሚሸተውን ዘይትና ጨው የመሰለ ነገር፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ጠንከር የሚለውን። ዛሬም ማንም በሌለበት አንዳንዴ አፍንጫዋን ወደ ሸራው ታስጠጋለች። የሚሸታት ጨው ይሁን ትዝታ እሷም አታውቅም።

ልጅ ሳለች አባቷ ሁለት ኩሽኔታ፣ እነዚያን ክብ ብረት ውስጥ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ኳሶች የታሰሩባቸውን፣ አንድ ጣሳ ውሃ ውስጥ ነከሩ። አንዱን አወጡና መስኮቱ ላይ ፀሐይ እንዲመታው አስቀመጡት። ሌላውን ጣሳው ውስጥ ተዉት። ማግስቱን የመስኮቱ ቀይ ዱቄት ለብሶ አልዞር አለ። የጣሳውን ከውሃ አውጥተው እዚያው በዘይት ሲያሹት እንደ ልቡ ተሽከረከረ።

«አየሽ» አሏት፣ «ብረትን ውሃ ብቻውን ቶሎ አይበላውም። ውሃና አየር ሲተባበሩበት ነው የሚበሉት። የሰመጠ ሞተር እጅሽ እስኪደርስለት ድረስ እዚያው ይቆይ። ከወጣ በኋላ ግን ፋታ እንዳትሰጪው።»

ጀማለዲን ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሸራው ግን ዛሬም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው፤ ጠሂራም ከነሙሉ መፍቻው ትሠራበታለች።

ማሙሸት በማግስቱ በርሜሉን ከመቂ ቲማቲም በጫነ አይሱዙ ላይ አሳፍሮ አትክልት ተራ ደረሰ። መኪናው ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ሳዳም የሚባል ባለ ጋሪ ተገኘና በርሜሉን በአራት ሰው ጉልበት ጋሪው ላይ አወጡለት። ማሙሸት ግን አብሮት መሄድ አልቻለም። በመንገድ ላይ የበርሜሉ ውሃ እየተረጨ ቲማቲሙን ጭቃ አልብሶት ኖሮ ባለ ቲማቲሟ ሴትዮ የሸሚዙን ጫፍ ይዛ ቀርታለች።

ሳዳም ደግ ሰው ነው። ጥፋቱም የመጣው ከደግነቱ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲደርስ መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ሚኒባሱ፣ ጭነቱ፣ ሰዉ። በርሜሉ ውስጥ የሚንቦጫረቀው ውሃ ጋሪውን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይጥለዋል። ሳዳም ክዳኑን ከፍቶ አየና አዘነ። እንዲህ ያለ ውድ ዕቃ ውሃ ገብቶበት ባለቤቱ አላወቀም! በርሜሉን ቦዩ ላይ አጋድሞ ውሃውን ደፋው። ሞተሩን ከሌሎች ባለ ጋሪዎች ጋር አውጥቶ ጆንያ ላይ አስቀመጠው። የራሱን የአንገት ፎጣ ፈትቶ ጠረገው፣ ወለወለው። መንገዱ እስኪከፈት ድረስም የጥቅምት ፀሐይ እንዲያገኘው ጎኑን እያገላበጠ ጠበቀ።

ከቀትር በኋላ የጠሂራ በር ላይ ሲደርስ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ ያበራል።

«እትዬ፣ ውሃ ገብቶበት ነበር። ደፋሁልዎት። አደረቅሁልዎትም።»

ጠሂራ ከጠዋት ጀምሮ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅላ ስትጠብቅ ነበር። ሞተሩን አየችው፤ እውነትም አብረቅርቋል። ጎኑ ላይ ያለውን ቮላኖ የሚሉትን ከባድ ክብ ብረት በሁለት እጇ ይዛ ለማዞር ሞከረች። ከድንጋይ ጋር የተሰፋ ይመስል ንቅንቅ አላለም። ቀና ብላ ሳዳምን ተመለከተችው። ምስጋና እየጠበቀ ነው። አፏ ላይ የደረሰውን ነገር ዋጠችው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ሳዳም፣ ፊቷን አይቶ።

«አላጠፋህም። ተቀመጥና ውሃ ጠጣ» አለችው።

ያን ጊዜ ነው ጋሼ ዱባለ የመጡት። ጋሼ ዱባለ በሞተር ጠጋኞች ተራ የሁሉ ታላቅ ናቸው። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉ፣ ቮላኖውን በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉ፣ እሳት ሰጪው ካንዴላ ተፈትቶ በወጣበት ቀዳዳ ጣታቸውን ሰደው ቡናማ ጭቃ ይዘው ወጡ። ጭቃውን ሳዳም ትከሻ ላይ ባለው ፎጣ ጠረጉና ቀና አሉ።

«ለሚዛን።»

በተራው ከዚህ ቃል በላይ ቃል የለም። ድሮ ድሮ፣ የሞተ ሞተር ይዘው ባለቤቱን ዛሬ ነገ እያሉ የሚያመላልሱ ሠራተኞች የተራውን ስም አጥፍተውት ነበር። ስለዚህ ታላላቆቹ ደንብ አወጡ። የተራው ታላቅ አይቶ «ለሚዛን» ያለው ሞተር ቅዳሜ ለብረት ገዢው ይመዘናል፤ ማንም መፍቻ አያሳርፍበትም። እምቢ ብሎ የነካ ሰው ካስነሳው አስነሳው፤ ካላስነሳው የራሱ መፍቻ ከሞተሩ ጋር ሚዛን ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልጋል እንጂ በዚያ ተራ አይታይም።

«ጋሼ፣ አልሞተም» አለች ጠሂራ።

«ልጄ፣ እኔ ስንቱን ቀብሬ...»

«አየር አገኘው እንጂ አልሞተም። የዛሬ ዝገት ነው። ገና ሥር አልሰደደም።»

«ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።»

ጋሼ ዱባለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሸራ አዩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የጀማልን መፍቻ ነው እኮ የምታስይዢው። እሱን ከአሰብ ድረስ ተሸክሞት የመጣ ሰው ይህን ቢያይ...»

«እሳቸው ቢኖሩ ይነኩት ነበር» አለች።

በዚህ መሃል ማሙሸት ሸሚዙን ቲማቲም አስመስሎ እየሮጠ ደረሰ። ነገሩን ሲነግሩት መጀመሪያ ሳዳምን በዓይኑ ፈለገ፣ ቀጥሎ ሞተሩን፣ ከዚያ ጠሂራን። «ቆይ፣ ሞተሩ ቢነሳስ ደንቡ ምን ይላል?» አለ።

መልሱን ጋሼ ዱባለ ሰጡት።

«ተነስቶ አያውቅም።»

ጠሂራ ሸራውን አውርዳ ዘረጋችው። የሞተሩን አናት፣ ቴስታታውን ፈታች። ሁለቱ ፒስቶኖች ቡናማ ውሃ አቁረዋል፤ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ላይ እንደ በርበሬ ብናኝ የቀጠነ ቀይ ነገር ተነስቷል። ውሃውን በጨርቅ አወጣች፣ ድብልቁን እስከ አፋቸው ሞላችና ተወችው።

«መዶሻ ላቀብልሽ?» አለ ማሙሸት።

«እሱን የነካህ እንደሆነ እጅህን ነው የምቆርጠው።»

ማግስቱን ረጅም ብረት ቮላኖው ላይ አስራ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው፣ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ትንሽ ትገፋው ጀመር። መግፋት እንኳ አይባልም። ብረቱን እያባበለችው ነበር። ጠዋቱ በዚያ አለቀ። ጎረቤቶች መጥተው አይተው ሄዱ። አንዱ፣ «ጠሂራ፣ እሹሩሩ በይው እንጂ!» ብሎ ሳቀ። የእሷ ጆሮ ግን ሥራ ላይ ነበር። ወደ ቀትር ላይ፣ ከውስጥ፣ ደረቅ እንጀራ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። ቮላኖው የጣት ስፋት ያህል ሄደ። ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

ማሙሸት ዘሎ ሊያቅፋት ሲል በክርኗ መለሰችው። «ገና ነው። ፒስቶኑ ለቀቀ እንጂ ሆዱ ውስጥ ያለውን አላየንም።»

ዋናው ፍርሃቷ ሆዱ ነበር። የሞተሩ አከርካሪ፣ ኮሎ የሚሉት ዘንግ፣ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች እዚያ ናቸው፤ ዓይን አያያቸውም። ናፍጣ ሞልታ አዞረች፣ ገልብጣ ደፋች። የላንጋኖ ጭቃ ወጣ። እንደገና ሞላች። ጭቃው ወደ ሻይ መልክ፣ ሻዩ ወደ ማር መልክ እየቀጠነ መጣ። ናፍጣው እንደገባ ሲወጣ ዘይት አጠጣችውና የረጅም ጠፍጣፋ መፍቻ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዋ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ደግፋ አዳመጠች። አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ አለ። ቀጭን ነው፤ ግን አለ።

«አሁንስ?» አለ ሳዳም። ጥፋቱን ሌሎች ነግረውት ኖሮ፣ ጋሪውን በር ላይ አቁሞ ወንጀለኛ መስሎ ቆሟል።

«አሁን ፋታ አንሰጠውም። እስከ ቅዳሜ በዘይት ውስጥ መዞር አለበት። ቆሞ የሚያድር ኩሽኔታ ነው የሚዝገው።»

«እኔ አዞራለሁ» አለ ሳዳም።

እንዲህ ተጀመረ። ሳዳም ጭነት አድርሶ ሲመለስ ያዞራል፤ ማሙሸት ያዞራል፤ ጠሂራ ምሳዋን በአንድ እጇ እየበላች በሌላው ታዞራለች። ከዚያ ነገሩ ወደ ተራው ተዛመተ። ቮላኖውን ከበሩ አጠገብ፣ መተላለፊያው ላይ አዙራ ስላስቀመጠችው ያለፈ ሁሉ ግማሽ ዙር መስጠት ልማድ አደረገ። ቁልፍ ቀራጩ ያዞራል፣ የጆንያ ነጋዴዋ ልጇን አዝላ ታዞራለች። «ዛሬ አዙረሻል?» የሰላምታ ምትክ ሆነ። ዓርብ ጠሂራ ከሶላት ስትመለስ መተላለፊያው ጭር ብሎ አገኘችው። ከሞተሩ አጠገብ ግን አንድ ካፖርት ለባሽ ጎንበስ ብሏል። ጋሼ ዱባለ ናቸው። ግራ ቀኛቸውን አይተው፣ በአውራ ጣታቸው፣ ቀስ አድርገው አንድ ሙሉ ዙር አዞሩት። ጆሯቸውን አስጠጉ። አንድ ጨመሩ።

ጠሂራ ወደ ኋላ ተመልሳ ከቆርቆሮው ጀርባ ቆመች። እስኪሄዱ ድረስ አልወጣችም።

ያን ዕለት ስታዳምጥ የአሸዋው ድምፅ የለም።

ቅዳሜ የብረት ገዢው አብዱልሰላም ጠፍጣፋ ሚዛኑን ይዞ መጣና መተላለፊያው መሃል ዘረጋው። ጠሂራ ሸራውን ከነመፍቻው ጠቅልላ ከሚዛኑ አጠገብ በራሷ እጅ አኖረችው። ደንቡ እንደዚያ ይላል። ካስቀመጠችው በኋላ ወደዚያ ላለማየት ጀርባዋን ሰጠች።

ሞተሩ ብረት እግር ላይ ታስሯል። ቴስታታው ተመልሷል፣ ካርቡራቶሩ ታጥቧል፣ ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው፣ የመኪና ባትሪ ቀርቧል። የጎደለው ውሃ ነው። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ነው፤ ደረቅ ላይ ሲነሳ ውሃ በቱቦ ካልሰጡት ራሱን ይጠብሳል። ያን ቀን ደግሞ የሰፈሩ ቧንቧ ውሃ የሚለቀቅበት ተራው አልነበረም፤ ጠብ አይልም።

«ያንኑ በርሜል አምጡት» አለች ጠሂራ።

ማሙሸትና ሳዳም ባዶውን በርሜል ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አወጡ፣ ሥሩ ላይ ቱቦ ገጠሙለት። ቢጫ ጀሪካን ከየቤቱ ይወጣ ጀመር። የጆንያ ነጋዴዋ ለልብስ ያስቀመጠችውን አመጣች። ቁልፍ ቀራጩ የሚጠጣውን አመጣ። በርሜሉ ግማሽ ሆነ፤ ከግማሽ አለፈ። ጠሂራ የቱቦውን መክፈቻ ለሳዳም ሰጠችው።

«ስማኝ ሳዳም። መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል፣ ከዚያ ውሃው። ሳይነሳ ከለቀቅከው ውሃው በጭሱ መውጫ ዞሮ ፒስቶኑ ላይ ይገባል፣ መልሰን አሰመጥነው ማለት ነው። እኔ ልቀቅ ሳልል እንዳትለቅ።»

«እኔ?» አለ ሳዳም። «እኔ ነኝ የምይዘው?»

«አንተ ነህ።»

ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ነካችው። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ አልያዘም። ደገመች። ምንም። ከኋላ አንዱ፣ «አብዱልሰላም፣ ሚዛንህን ወልውል» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ጠሂራ ካንዴላዎቹን ፈትታ አየቻቸው። በዘይት ርሰዋል። ሆዱን ያጠጣችው ዘይት ነው። ጠረገቻቸው፣ መለሰቻቸው፣ ቤንዚኑን ዘጋች፤ ትርፍ ዘይቱን እስኪተፋ ድረስ ባዶውን አዞረችው። ነጭ ጉም ወጣ። ቤንዚኑን ከፈተች።

አንድ ጊዜ ሳል አለ።

«ልልቀቅ?» ጮኸ ሳዳም።

«ቆይ!»

ሌላ ሳል። ሌላ። ባትሪው እየደከመ ነው፤ ድምፁ እየተጎተተ ሄደ። ጠሂራ መዳፏን ሞተሩ ጎን ላይ አደረገች። ሞቅ ብሏል። «ና» አለችው በሹክሹክታ፣ «ና እንጂ»፣ እና አንዴ ጫነች።

መተላለፊያው ፈነዳ። ሰማያዊ ጭስ እስከ ቆርቆሮው ጣሪያ ተምዘግዝጎ ወጣ፣ የመርካቶ እርግቦች በአንድ ጊዜ ከጣሪያው ተነሱ፣ ድምፁ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ እየተላተመ ወዲያ ማዶ ካሉት ብረት ቀጥቃጮች ዘንድ ደረሰ፤ እነሱም ቆም ብለው ቀና አሉ።

«ልቀቅ! ሳዳም፣ ልቀቅ!»

ሳዳም ለቀቀ። ውሃው በቱቦው ሮጦ ገባና በጭሱ መውጫ እየተረጨ ወጣ፤ ማሙሸትን ከአናቱ እስከ እግሩ አጠበው። ማሙሸት አልሸሸም። ክንዱን ዘርግቶ ቆመበት። «ላንጋኖ!» እያለ ይጮሃል፣ «ላንጋኖ መጣሽ ወይ!» የጆንያ ነጋዴዋ እልልታውን አቀለጠችው። ሳዳም ቱቦውን እንደያዘ ያለቅሳል፤ ግን እጁ ከመክፈቻው አልተነሳም። ጠሂራ ነዳጁን ቀነስ አደረገችው። ሞተሩ ረጋ፤ ያለ አሸዋ፣ ያለ ሳል፣ እንደሚዘምር ሰው ቀጥ ብሎ ሄደ።

አብዱልሰላም እጁን ጆሮው ላይ ጭኖ፣ «እኔስ ታዲያ ምን ልመዝን?» ብሎ ጮኸ። «በባዶ ልመለስ?»

ያን ጊዜ ጋሼ ዱባለ ካፖርታቸውን አውልቀው ለቁልፍ ቀራጩ ሰጡ። በሕዝቡ መሃል ሰንጥቀው መጡና ጫማቸውን አራግፈው ሚዛኑ ላይ ወጡ።

«ይኸው። ለሚዛን ያልኩት እኔ ነኝ። ደንቡ ባዶ እንዳይቀር እኔን መዝኑኝ።»

ሳቁ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ሆነ። አብዱልሰላም ጎንበስ ብሎ መርፌውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የድሮ ብረት በዚህ ሳምንት አልገዛም።»

«አየህ ጠሂራ ያደረገችኝን!» አሉ ጋሼ ዱባለ፣ ከሚዛኑ ሳይወርዱ። ከዚያ ወደ መሬት ጎንበስ ብለው የተጠቀለለውን ሸራ አነሱ። እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው ለጠሂራ ሰጧት። «ወደ ቦታው መልሺው። ከእንግዲህ ለሚዛን የሚባል ነገር ሲመጣ እኔ ብቻዬን አልልም። አንቺም አጠገቤ ቆመሽ ታያለሽ።»

ጠሂራ ሸራውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው። ከቤንዚኑና ከጭሱ ሥር ያ የድሮው ሽታ አለ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ለአፍታ፣ ከማታስታውሰው ባሕር ዳር፣ የጀልባ ሞተር እየሠራ አባቷ ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ ታዩዋት።

«ሳዳም» አለች በመጨረሻ፣ «ውሃውን ዝጋ። አሁን ደግሞ ውሃው ነው የሚቀድመው።»

ሳዳም ዘጋ። ሞተሩ ውስጡ የቀረውን ውሃ ተፍቶ እስኪጨርስ ጠበቀችና ራሷ አጠፋችው። መተላለፊያው ጸጥ አለ። እርግቦቹ አንድ በአንድ ወደ ጣሪያው ይመለሱ ጀመር። ጠሂራ ገብታ ሸራውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች።